ቁልፉን ለማን ሰጥተን እንውጣ? ከሞቃዲሾው ሁለት ዓመት የምንማረው

ዛሬ በታሪክ ዓምዳችን የምናነሳው ጥያቄ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ የብዙ ቤተሰብን ደጃፍ ያንኳኳ ጥያቄ ነው። አንድ አገር ጦሩን ወደ ጎረቤት አገር ካስገባ በኋላ የሚሞተውና የሚቆስለው ከቀን ወደ ቀን እየበዛ ሲሄድ፣ ጦሩ ይውጣ ወይስ ይቆይ? ጥያቄው የመሪዎችና የጄኔራሎች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ልጇ በሠራዊቱ ውስጥ ያለ እናት ከማንም ቀድማ ትጠይቀዋለች። በወዲያኛው ወገን ደግሞ ቤቷ የፈረሰባት የሞቃዲሾ እናት ትጠይቀዋለች። ሁለቱም ወደ አንድ ቂብላ ዞረው የሚሰግዱ ሊሆኑ ይችላሉ።

የኢትዮጵያ ሠራዊት ከ1999 እስከ 2001 ዓ.ም በሶማሊያ ያሳለፈው ጊዜ ለዚህ ጥያቄ ቅርባችን የሆነ ምሳሌ ነው። ዘመናቱን የምንጠቅሰው፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ በእኛ አቆጣጠር ነው። ለማስረዳት የምንፈልገውም አንድ ነገር ነው። ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለው ጥያቄ በሟቾች ቁጥር ብቻ፣ ወይም በክብር ስሜት ብቻ ከተመለሰ ስህተት ላይ ይጥላል። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፦ የገባንበት ጉዳይ ምን ነበር? ቁልፉን የሚረከበን ማነው? ከእርሱስ ጋር ተነጋግረናል ወይ? የሚለው ነው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

እንደሚታወቀው በ1983 ዓ.ም የዚያድ ባሬ መንግሥት ከወደቀ ጀምሮ ሶማሊያ ማዕከላዊ መንግሥት አጥታ የጦር አበጋዞች መፈንጫ ሆና ቆይታ ነበር። በግንቦት 1998 ማብቂያ የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ሞቃዲሾን ያዘ። በየመንገዱ ኬላ ዘርግተው ሕዝቡን ይዘርፉ የነበሩ ታጣቂዎች ተባረሩ፤ ለዓመታት ተዘግተው የነበሩት ወደቡና የአውሮፕላን ማረፊያውም ተከፈቱ። ብዙ የሞቃዲሾ ነዋሪ እፎይ አለ። በሌላ በኩል ከኅብረቱ መሪዎች መካከል በኢትዮጵያ ላይ ጦርነት የሚያውጁ ድምፆች ይሰሙ ነበር፤ በመስከረም 1999 መጨረሻም ጂሃድ ታወጀ ተባለ። ዓለም የሚያውቀው የሶማሊያ የሽግግር መንግሥት በበኩሉ ባይደዋ በምትባል አንዲት ከተማ ተወስኖ ነበር።

ኅዳር 21 ቀን 1999 የኢትዮጵያ ፓርላማ መንግሥት አስፈላጊውን እርምጃ ሁሉ እንዲወስድ ፈቀደ። ተቃዋሚ የምክር ቤት አባላት ግን አልደገፉትም። ታኅሣሥ 15 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በቴሌቪዥን ቀርበው ጦርነት መጀመሩን ገለጹ፤ ጦርነቱ ራስን የመከላከል እንጂ በእስልምና ላይ የተከፈተ እንዳልሆነም መንግሥት ደጋግሞ ተናገረ። በማግስቱ አየር ኃይሉ የሞቃዲሾን አውሮፕላን ማረፊያ ደበደበ። የአየር ኃይሉ ዋና ሰፈር የሚገኘው ከአዳማ ብዙም በማይርቀው በቢሾፍቱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ታኅሣሥ 19 ሞቃዲሾ ተያዘች፤ ታኅሣሥ 23 ኪስማዮ ተከተለች። ከመግለጫው እስከ ኪስማዮ ዘጠኝ ቀን እንኳን አልሞላም።

ሳምንታት ዓመታት ሲሆኑ

በዚያው ታኅሣሥ ወር ለፓርላማ የተነገረው ሠራዊቱ በሳምንታት ውስጥ እንደሚወጣ ነበር። እውነትም በጥር 1999 አጋማሽ የመጀመሪያዎቹ ወታደሮች ከሞቃዲሾ ሲወጡ ታዩ። ነገር ግን ቦታውን የሚረከብ አልነበረም። የአፍሪካ ኅብረት አሚሶም የተባለውን የሰላም አስከባሪ ኃይል ሲያቋቁም 8,000 ሰው ሊያሰማራ አስቦ ነበር። በየካቲት 1999 ማብቂያ መድረስ የጀመሩት ዩጋንዳውያን ብቻ ነበሩ፤ ብሩንዲ የተከተለችው ከወራት በኋላ ነው። ሠራዊታችን ሲወጣ እንኳ አሚሶም ከታሰበው ግማሹን አልሞላም ነበር።

የሽግግር መንግሥቱ ሰዎችም በከተማው ውስጥ የሚቆሙበት ሕዝባዊ መሠረት አልነበራቸውም። የሐውዬ ጎሳ ሽማግሌዎች፣ የተባረረው ኅብረት ደጋፊዎችና ነጋዴዎች ሁሉ ራሳቸውን ከጨዋታው ውጪ ሆነው አገኙት። ስለዚህ ዘጠኝ ቀን ያልፈጀው ድል ወደ መንደር ውስጥ ውጊያ ተለወጠ። በመጋቢት 1999 ሞቃዲሾ በከባድ መሣሪያ ተናወጠች፤ የወታደሮች አስከሬን በጎዳና ላይ ሲጎተት የሚያሳዩ ምስሎችም በዓለም ዜና ወጡ። በየመንገዱ ዳር የሚቀበር ፈንጂ የየዕለት ነገር ሆነ።

እዚህ በእኛ ከተሞች ያለው ቤተሰብ በዚያ ወቅት ወሬ የሚሰማው በጭንቀት ነበር። ከ1997 ምርጫ በኋላ የተዘጋው የሞባይል አጭር የጽሑፍ መልእክት ሚሌኒየሙ እስኪገባ ድረስ አልተከፈተም። ስልክ ካልተደወለ ሌላ ምልክት የለም። በየሰፈሩ ሬዲዮ ከብበው የውጭ ጣቢያዎችን የአማርኛና የኦሮምኛ ዜና የሚያዳምጡ ቤተሰቦች ብዙ ነበሩ።

የሞተው ማነው?

መንግሥት በእነዚያ ሁለት ዓመታት ስንት ወታደር እንደሞተ ሙሉ ቁጥሩን ለሕዝብ አልገለጸም። ቁጥር ሲደበቅ ወሬ ይነግሣል፤ አንዱ ያበዛዋል፣ ሌላው ያሳንሰዋል። የሶማሊያውያኑ ጉዳት ግን በከፊልም ቢሆን ተመዝግቧል። በ2007 እ.ኤ.አ. ብቻ ወደ 6,000 የሚጠጉ ሲቪሎች እንደሞቱ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ዘግበዋል። በዚያው ዓመት 600,000 ያህል ሰው ከሞቃዲሾ መሰደዱን የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት አስታውቋል። በሚያዝያ 2000 ደግሞ በሞቃዲሾው አል-ሂዳያ መስጂድ ሰዎች መገደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሪፖርቱ አወጣ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት አስተባበለ። ይህ ዜና በእኛ ሙስሊም ቤቶች ያስከተለውን ሐዘንና መደናገር የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ልጁ በሠራዊቱ ውስጥ ያለ አባት ያንን ዜና በምን ልብ ሊሰማው ይችላል? ልጁን መጥላት አይችልም፤ በመስጂድ ውስጥ ለሞተው አለማዘንም አይችልም።

እዚህ ላይ የሟቾች ስምና ቁጥር ጉዳይ የፖለቲካ ክርክር ብቻ አለመሆኑን ማሳሰብ እንወዳለን። በሸሪዓችን ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ትቆጥራለች፤ የሚቆጠረውም ከሞተበት ቀን ጀምሮ ነው። ቀኑን ያልነገሯት ሴት ከየት ትጀምር? ሚራስ የሚከፋፈለው ሞት ሲረጋገጥ ነው። መፍቁድ፣ ማለትም ደብዛው የጠፋ ሰው፣ ንብረቱም ትዳሩም ቃዲ እስኪወስን ድረስ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሌለበት የሰገዱለት ሰው የራሳችን አገር ንጉሥ ነጃሺ ነበር፤ የሻፊዒ ዑለማዎችም በሩቅ አገር ለሞተ ሰው ሰላተል ጋኢብ የሚሰገደው ከዚህ ተነስቶ እንደሆነ ያስተምራሉ። ነገር ግን ያንን ሰላት ለመስገድ በመጀመሪያ መሞቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ጦር የሚልክ መንግሥት ሁሉ፣ ይውጣም ይቆይም፣ ለእያንዳንዱ ቤት እውነቱን በጊዜው የመንገር አደራ አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

የሁለቱ ወገን ክርክር

ይቆይ የሚሉት ሰዎች ማስረጃ ቀላል አልነበረም። ሠራዊቱ በድንገት ቢወጣ የሽግግር መንግሥቱ በአንድ ሌሊት ይፈርሳል፤ ጽንፈኞች አገሩን ይይዛሉ፤ ነገ ደግሞ በድንበራችን እንዋጋቸዋለን፤ እስካሁን የሞቱት ልጆች ደም ከንቱ ይቀራል ይሉ ነበር።

ይውጣ የሚሉት ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ ሠራዊቱ መኖሩ ራሱ ለአልሸባብ የመመልመያ ምክንያት ሆኗል። አልሸባብ በ1998 በኅብረቱ ውስጥ አንድ የታጠቀ የወጣቶች ክንፍ ነበር። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ግን ራሱን የቻለ ትልቅ ኃይል ሆነ። ኪስማዮ በእጁና በአጋሮቹ እጅ የወደቀችው በነሐሴ 2000 ነው፤ ይኸውም ሠራዊታችን ከሞቃዲሾ ከመውጣቱ ከአምስት ወር ገደማ በፊት ነው። መቆየት አገሩን ከእነርሱ እጅ አላዳነም ማለት ነው።

እኛ ሁለቱንም ወገን በጥንቃቄ እንመዝናለን። የሞቱት ደም ከንቱ እንዳይቀር ሌሎች ይሙቱ የሚለው ክርክር ግን መጨረሻ የለውም። በየወሩ ሟች በተጨመረ ቁጥር የመቆያው ምክንያትም ይጨምራል፤ እንዲህ ከሆነ የሚወጣ ጦር አይኖርም። ሟቹ አጀሉ ደርሶ ወደ ጌታው ሄዷል፤ ምንዳውም በኒያው ነው። ውሳኔው መታየት ያለበት በሕይወት ላሉት፣ ለሁለቱም ሕዝቦች፣ በሚበጀው ነው።

ታሪክ ምን ያሳየናል?

የመጀመሪያው ምሳሌ ከሲራ ነው። ሠራዊትን ከሠራዊት ልናመሳስል አይደለም፤ የውሳኔውን ጥበብ ልናይ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በስምንተኛው ዓመተ ሂጅራ ከሑነይን በኋላ ጣኢፍን ከበቡ። ከሶሐቦች የሞቱና የቆሰሉ ነበሩ፤ ምሽጉም አልተከፈተም። እርሳቸው ተማክረው ከበባውን ለማንሳት ሲወስኑ አንዳንድ ሶሐቦች ሳንከፍተው እንዴት እንመለሳለን ብለው ከበዳቸው። ከአንድ ተጨማሪ ቀን ውጊያና ቁስል በኋላ ግን ውሳኔውን በደስታ ተቀበሉ። ነብዩም በጣኢፍ ሰዎች ላይ ከመራገም ይልቅ የሂዳያ ዱዓ አደረጉላቸው። በቀጣዩ ዓመት የሠቂፍ መልእክተኞች በራሳቸው እግር መዲና መጥተው ሰለሙ። ከዚህ የምንረዳው መመለስ ሁልጊዜ ሽንፈት አለመሆኑን ነው። ነገር ግን ከመመለሱ ጋር ክፍት የተተወ በር ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአዳማ በስተምሥራቅ የሚወስደው መንገድ የሚያደርሰን ሐረር ነው። የግብፅ ጦር በ1868 መግቢያ በረዑፍ ፓሻ መሪነት ሐረርን ያዘ፤ አሚር ሙሐመድም ተገደሉ። ገዢውም ተገዢውም ሙስሊም ነበሩ። ሆኖም ግብሩና የባዕድ ወታደር አገዛዙ ሕዝቡን አስመርሯል፤ የሃይማኖት አንድነት ብቻውን የውጭን ጦር ተወዳጅ አያደርገውም። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ግብፅ በዕዳ ተዘፍቃ፣ በሱዳን ከማህዲ ጋር በተደረገው ጦርነት ተሸንፋ፣ ራሷም በእንግሊዝ እጅ ወድቃ ሐረርን ለመልቀቅ ወሰነች። በ1877 ጦሩ ከነቤተሰቡ በሺዎች ሆኖ በዘይላ በኩል ወጣ። ቁልፉ የሟቹ አሚር ልጅ ለሆኑት ለአሚር ዐብዱላሂ ተሰጠ። ግን አብሮ የተሰጣቸው ጥቂት የሠለጠነ ወታደርና ጥቂት መሣሪያ ብቻ ነበር፤ ከአካባቢው ጎረቤቶች ጋርም የጸና ስምምነት አልተበጀላቸውም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1879፣ ጨለንቆ ላይ በንጉሥ ምኒልክ ጦር ተሸነፉ። አወጣጡ ሥርዓት ነበረው፤ ተረካቢው ግን ደካማ ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ ሞቃዲሾ ራሷ ናት። መስከረም 23 ቀን 1986 በአንድ ውጊያ 18 የአሜሪካ ወታደሮችና በመቶዎች የሚቆጠሩ ሶማሊያውያን ሞቱ። አሜሪካ በስድስት ወር ውስጥ ጦሯን አስወጣች፤ የተባበሩት መንግሥታት ኃይልም በ1987 ተከተለ። የውሳኔው ምክንያት የሟቾቹ ቁጥር በአገራቸው ያስነሳው ቁጣ ነበር። ቁልፉ ለማንም አልተሰጠም። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት በላይ የቀጠለው ሥርዓት አልበኝነት ነው በ1998 ሕዝቡ የፍርድ ቤቶቹን ኅብረት በደስታ እንዲቀበል ያደረገው።

ሠራዊታችን እንዴት ወጣ?

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። የመውጫው መንገድ የተከፈተው በጦር ሜዳ አልነበረም፤ በጅቡቲ ድርድር ነው። ሰኔ 2 ቀን 2000 በተባበሩት መንግሥታት አሸማጋይነት የሽግግር መንግሥቱና በሸኽ ሸሪፍ አሕመድ የሚመራው የተቃዋሚዎች ክንፍ ስምምነት ላይ ደረሱ። የኢትዮጵያ ሠራዊት መውጣት ከስምምነቱ ነጥቦች አንዱ ነበር። ኅዳር 19 ቀን 2001 ኢትዮጵያ ሠራዊቷን እንደምታስወጣ አስታወቀች። ታኅሣሥ 20 ፕሬዚዳንት ዐብዱላሂ ዩሱፍ ሥልጣን ለቀቁ። በጥር የመጀመሪያ ሳምንት ሠራዊቱ ከሞቃዲሾ ወጣ፤ በወሩ አጋማሽም ከባይደዋ። ጥር 23 ቀን 2001 በጅቡቲ የተሰበሰበው የሶማሊያ ፓርላማ ሸኽ ሸሪፍን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሸኽ ሸሪፍ ማን ነበሩ? በታኅሣሥ 1999 ጦሩ ከሞቃዲሾ ያባረረው ኅብረት መሪ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቁልፉን የተረከቡት እርሳቸው ሆኑ፤ ኢትዮጵያም አብራቸው ሠራች። በመጨረሻ የምንነጋገረው ከዚህ ሰው ጋር ከሆነ፣ በመጀመሪያ ለመነጋገር የበለጠ ጥረት ቢደረግ ኖሮ ስንት እናት ከለቅሶ ትድን ነበር? በእርግጥ በ1998 በካርቱም ንግግር ተሞክሮ ነበር፤ በኅብረቱ ውስጥም ንግግርን የሚያፈርሱ ግትር ሰዎች ነበሩ። ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን ጦር ከገባ በኋላ ለዘብተኛውና ጽንፈኛው አንድ ላይ ተባረሩ። ለዘብተኛው ወደ ስደት ሄደ፤ ጽንፈኛው ጫካ ገብቶ በረታ።

ከወጣ በኋላስ?

እውነቱን ለመናገር መውጣቱም ብቻውን ሰላም አላመጣም። ሠራዊታችን ባይደዋን በለቀቀበት ሰሞን ወዲያው አልሸባብ ከተማይቱን ያዘ። በሞቃዲሾ የቀረው መንግሥት በአሚሶም ጥበቃ በጥቂት ሰፈሮች ተወስኖ ቆየ። አልሸባብ ሞቃዲሾን የለቀቀው በ2003 ክረምት ነው። የኢትዮጵያ ሠራዊት በታኅሣሥ 2004 ተመልሶ በለድወይንን፣ በየካቲት ደግሞ ባይደዋን ያዘ፤ በጥር 2006 በአሚሶም ጥላ ሥር ገባ። የአሚሶም ተልእኮ በ2014 በአትሚስ ተተካ። በ2016 በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል በባሕር በር ስምምነት ምክንያት በተነሳው ውዝግብ ሠራዊቱ ይውጣ የሚለው ጥያቄ እንደገና ተነሳ፤ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ሁለቱ መንግሥታት አንካራ ላይ ተስማምተው ውጥረቱ ረገበ።

ይቆይ ይሉ የነበሩት ታዲያ ትክክል ነበሩ ማለት ነውን? አይደለም። ልዩነቱን እንይ። በ1999 የገባው ሠራዊት ከተማው ያልተቀበለውን መንግሥት ተሸክሞ ነበር። ከ2001 በኋላ የመጣው መንግሥት ግን ተቃዋሚዎቹን ያካተተ ድርድር ውጤት ነበር፤ የአልሸባብ ውጊያም ከባዕድ ጦር ጋር የሚደረግ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ብዙ ሶማሊያውያን ዑለማዎችና ጎሳዎች የሚቃወሙት ሆነ። የጅቡቲው ወረቀት ባይኖር መውጣቱ የ1987ቱ ሞቃዲሾ ድግግሞሽ ይሆን ነበር። በሌላ በኩል ሠራዊቱ ባይወጣ ኖሮ የጅቡቲው ወረቀት ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር፤ ሸኽ ሸሪፍ ባዕድ ጦር ባለበት ከተማ ገብተው ሊያስተዳድሩ አይችሉም ነበርና። ስለዚህ በ2001 መውጣት ትክክል ነበር እንላለን። ጉድለቱ የተረካቢው ዝግጅት መዘግየቱ ነው፤ ድርድሩ በ1999 መጀመሪያ፣ ጦሩ ገና ባሸነፈበት ወር፣ መጀመር ነበረበት። ያሸነፈ ሰው ሲደራደር ይከበራል፤ የደከመው ሲደራደር ግን ሸሸ ይባላል።

ለቤቶቻችን

ይህንን ሁሉ የተናገርነው ያለፈን ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። በአዳማም በሻሸመኔም ከዚያ ዘመን የተረፉ፣ አካላቸው የጎደለ ወንድሞቻችን አሉ። በንግግራችን ልናቆስላቸው አይገባም፤ እነርሱ የታዘዙትን የሄዱ ናቸው። ከጦርነቱ ሸሽተው በመካከላችን የሚነግዱ፣ ልጆቻቸውን ከልጆቻችን ጋር ቁርኣን ቤት የሚልኩ ሶማሊያውያን ጎረቤቶችም አሉን። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ሰፍ ጎን ለጎን ሲቆሙ ማየት ትልቅ ኒዕማ ነው።

ልጆቻችሁ ስለ ጦርነት ሲጠይቋችሁ ስለ ጀግንነት ብቻ አትንገሯቸው። አንድ መሪ ጦር ሊያስገባ ሲነሳ ሦስት ነገር እንዲጠየቅ አስተምሯቸው፦ የምንገባበት ጉዳይ በምን ይታወቃል ያለቀው? ስንወጣ የሚረከበን ማነው? ሟች ሲኖር ለቤተሰቡ ማን፣ በስንት ቀን ይነግራል? እነዚህ ጥያቄዎች ከመግባት በፊት ከተመለሱ ብዙ ጊዜ መግባቱ ራሱ ይቀራል። ከገቡ በኋላ ብቻ ከተጠየቁ ግን መልሱ በልጆች ደም ይከፈላል።

አላህ (ሱ.ወ) በሁለቱም ወገን የሞቱትን ይማር፤ ለጠፋባቸው ቤቶች ሰብርና እውነተኛ ዜና ይስጥ፤ ለአገራችንና ለጎረቤቶቻችን ሰላሙን ያውርድ። አሚን። ወላሁ አዕለም።